ዩሩብ ለባሏ የመረጠችው ሰዓት

ዩሩብ ሰዓት የምትሸጠው ክንዷ ላይ ነበር። ሱቅ የላት፣ ጠረጴዛ የላት። ቀፊራ ገበያ ውስጥ፣ ከበርበሬ ተራ ጀርባ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትልና ሰው ጠጋ ሲላት ሰፊውን ሻርፕ ገለጥ ታደርጋለች። ያኔ ነው ጉዱ! ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ሰዓት በሰዓት ናት። ከጅቡቲ በባቡር የገባ ዕቃ ነው፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ የጅቡቲ ዕቃ በአደባባይ አይዘረጋም። የፊናንስ ፖሊስ ብቅ ካለ ሻርፑ ይወርዳል፣ ዩሩብም ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ምስኪን እናት ትሆናለች።

ሰዓት መሸጥ ቀላል ነው የሚል ካለ እሷን አላየም። ገዢው «ያቺን ወርቃማዋን» ቢላት ቶሎ አታወልቅም። «ቆይ አቦ! መጀመሪያ ሥራህ ምንድን ነው?» ትላለች። ለዩሩብ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አገሩ ድሬዳዋ ነው፣ የቀበሌ ሊቀመንበርም ቢሆን አንተ ነው። ለሲሚንቶ ጫኝ አቧራ የማያስገባውን፣ ለዘበኛ በጨለማ የሚበራውን፣ ለሙሽራ ዜማ የሚጫወተውን ትሰጣለች። አንድ ጎረምሳ የሒሳብ መኪና ያለበትን ካልገዛሁ ብሎ ሲነተርካት «አንተ ልጅ፣ የምትደምረው ምን አለህና ነው?» ብላ ርካሹን አስራለት ሸኘችው። «እኔ ለሰው ያማረውን አይደለም የምሰጠው፣ የሚያስፈልገውን ነው። ኪሱንም አላራቁትም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ የሸጠችለት ሰው ተመልሶ ሲነጫነጭ ማንም አላየም።

ይህን ሁሉ ሰው ሰዓት ስታስር አንድ ሰው ብቻ ባዶ እጁን ቀርቷል፤ የገዛ ባሏ።

ባሏ ሃሺ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሸማኔ ነው። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፣ ጠጉሩም ከፊት ሸሽቷል፤ ሩጫ ግን ነፍሱ ነው። የእሱ ሰዓት አዛን ነበር። መጋላ ሰፈር ውስጥ ቤታቸውና መስጊዱ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት አዛን ሊጀመር ሲል ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ሸራ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ይጠብቃል። የመጀመሪያዋን «አላሁ አክበር» ሲሰማ ይፈተለካል። ወደ ደረቁ ወንዝ ወርዶ፣ አሸዋውን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዞሮ ይመለሳል። ሶላቱ ሊጀመር ሲል የሚባለው አጭር ጥሪ፣ ኢቃማው፣ ሳይባል መስጊድ ከደረሰ ቀኑ የእሱ ነው። «ዩሩብ፣ ዛሬም ደረስኩ!» እያለ ነው ለቁርስ የሚገባው። ዙሩን በየጊዜው ቢያስረዝመውም ይደርሳል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት እየፈጠንኩ ነው ብሎ አመነ። ማን ይፈርድበታል?

ዩሩብ ግን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ሃሺ ለዘመድ ሐዘን ሐርላ ሄዶ የሰነበተ ጊዜ፣ ኢቃማው ከአዛኑ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነበር የሚባለው። ሃሺ የተመለሰ ዕለት እንደገና ዘገየ። ቀስ ብላ በግድግዳው ቀዳዳ ብታይ፣ አዛን የሚሉት ሙአዚኑ ሼህ ዓደን በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዘንብለዋል። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ የሃሺን ሸራ ጫማ ግን ጠጠሩ ላይ ከሩቅ ይለዩታል። ኮቴው ሲሰማ ነው ዞረው ኢቃማ የሚሉት። ወይ የሼህ ዓደን ነገር! ዩሩብ ያን ዕለት ብቻዋን ሳቀች፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ኖረች።

ነገሩ የከፋው ፋብሪካው ለአዲስ አበባው የሠራተኞች ውድድር ሯጭ እመርጣለሁ ሲል ነው። ምርጫው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ሜዳ፣ በአሰልጣኙ በገብረ መድኅን ፊት ነው። ሃሺ ተመዘገበ። መመዝገቡስ ይሁን፤ በርጫ ላይ ጫቱ ምርቅን ሲያደርገው «እነዚህን ወጣቶች አቧራ ነው የማስቅማቸው!» ብሎ ፎከረ። ወጣቶቹም ያን ቀን በጉጉት ይጠብቁ ጀመር።

ዩሩብ ዝም ብትል ባሏ በፋብሪካው ሁሉ ፊት መሳቂያ ሊሆን ነው። ብትነግረው ደግሞ ያን የጠዋት ደስታውን በገዛ አፏ ልትገድል ነው።

በዚሁ ሰሞን ሃሺ ራሱ ከሥራ መልስ ቀፊራ መጣና ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ሻጯ፣ ለምርጫው የሚሆን ሰዓት አምጪ። ያችን ወርቃማዋን፣ ዜማ ያላትን።»

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው፣ እንደማንኛውም ገዢ።

«ሯጭ ነኝ!»

ሻርፑን ገለጠች። ወርቃማዋ ታምራለች፣ ሃሺም ሲያያት ዓይኑ በርቷል። ሰጥታው «ያምርብሃል» ብትለው በደስታ እየዘለለ ይሄድ ነበር። ጣቷ ወርቃማዋ ላይ ትንሽ ቆየ። የሚወድህ የሚያስለቅስህን ይነግርሃል ይባል የለ? ወደ ክርኗ ወጣ ብላ ጥቁሯን ፕላስቲክ ፈታች፤ ርካሽ፣ ቀላል፣ ላብና ውሃ የማይበግራት።

«ይቺ ናት የምታስፈልግህ። ይሄን ስትጫን መቁጠር ትጀምራለች፣ ድጋሚ ስትጫን ትቆማለች። አዛን ሲጀመር ተጫናት፣ ኢቃማ ሲባል አቁማት።»

«አቦ፣ ለባልሽ ፕላስቲክ?»

«ለባሌ ነዋ! ወርቃማዋማ ለእንግዳ ናት።» እጁ ላይ አሰረችለት።

የመጀመሪያው ቀን ዙሩን በሙሉ ሮጠ፣ ኢቃማው ላይ ደረሰ፣ ቁጥሩን በቃሉ ያዘ። በማግስቱ ግን አሸዋው ውስጥ ባቱን ቁርጠት ያዘውና ግማሹን መንገድ እያነከሰ በእግሩ መጣ። ጨርሶ አልደርስም ብሎ ነበር። የመስጊዱን ደጃፍ ሲረግጥ ኢቃማው ተባለ። ሰዓቷን አያት። ከትናንቱ እጅግ፣ እጅግ ይበልጣል።

ቤት ሲገባ «ዛሬም ደረስኩ» አላለም። ቁርሱ ፊት ተቀመጠ።

«ዩሩብ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አፌ እምቢ አለኝ። ሰዓቷ ትንገረው አልኩ።»

«ሼህ ዓደን ያን ሁሉ ሰው አቁመው ነው እኔን የሚጠብቁት?»

«ያን ሁሉ ሰው። አንድ ቀን እንኳ ያጉረመረመ አልሰማሁም።»

ሃሺ ሊቆጣ ፈለገ፤ በማን ይቆጣ? በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ዩሩብም አብራው አለቀሰች፣ ከዚያ ሻዩን ቀዳችለት።

በነጋታው ፋብሪካው በር ላይ ወጣቶቹን ሰብስቦ «ፉከራዬን መልሱልኝ፣ ጫቱ ነው የተናገረው» አላቸው። ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። በምርጫው ቀን ጥቁሯን ሰዓት እያየ፣ በልኩ ሮጠ። ብዙዎቹ ቀደሙት፣ አንዳንዶቹን እሱ ቀደመ። አልተመረጠም። የሳቀበትም የለም፤ እንዲያውም ገብረ መድኅን «አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሽህን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ጨበጠው። ዩሩብ ከሜዳው ዳር ቆማ ልቧ መለስ አለ።

ያን ቀን ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሶላት በኋላ ሃሺ ሰዓቷን ፈትቶ ሼህ ዓደን እጅ ላይ አሰረላቸው።

«አዴር» አላቸው፣ እንደ አጎቱ ነው የሚጠራቸው፣ «ቁጥሯ ጉልህ ነው፣ ዓይንዎን ጠጋ ካደረጉ ያዩታል። አዛን ሲጀምሩ ይጫኗት፣ እዚህ ቁጥር ስትደርስ ኢቃማ ይበሉ። ከእንግዲህ ማንንም አይጠብቁ።»

«እሺ ልጄ» አሉ ሼሁ፣ ሰዓቷን እያገላበጡ።

በማግስቱ አዛን ተባለ፣ ሃሺም ተፈተለከ። ዩሩብ ለገበያ እየተዘጋጀች፣ ሰዓቶቿን አንድ በአንድ ክንዷ ላይ ስታስር ጆሮዋ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። ሃሺ ለሼሁ ያመለከታቸው፣ ለእሷም የነገራት ደቂቃ ደረሰ። መስጊዱ ጭጭ አለ። ክንዷን አየች፤ ወርቃማዋም፣ ባለ ሒሳብ መኪናዋም፣ ባለ መብራቷም አልፏል ይላሉ። አንድ ሰው በቀስታ ሳለ። አሁንም ጭጭ።

ከዚያ ከታች፣ ጠጠሩ ላይ፣ የሸራ ጫማ ኮቴ ተሰማ።

«አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር» ብለው ሼህ ዓደን ኢቃማውን ጀመሩ።