እናቴ የተሳለመችው መስታወት

ገና ከካርቶኑ ሳወጣው ነው የጠላሁት። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ በሰው እጅ የላከው መጽሐፍ ማንበቢያ ነው፤ ስልክ አይሉት መጽሐፍ፣ ፊቱ የበሽተኛ ፊት ይመስል ግራጫ። ስነካው ያስባል። አስቦ አስቦ አንዴ ጥቁር አንዴ ነጭ ብልጭ ይልና ሌላ ገጽ ያመጣል፤ ያውም ያልፈለግሁትን። ደብረ ማርቆስ፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ስጎረጉረው ኮምፒውተር የሚያስተምረው ባልደረባዬ ወንበሬን ተደግፎ ይስቅብኛል።

«ርካሹን ነው የላከልህ» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«እስቲ አስተኛውና እየው።»

ቁልፉን ተጭኜ አስተኛሁት። ፊቱን ሙሉ የአትክልት መፍጫ ማስታወቂያ ወጣበት። ዋጋውን የቀነሱት ተኝቶም እንዲነግድላቸው ነው ለካ። ሰው በገዛ ዕቃው ላይ እንዲህ ገበያ ይቆምበታል? አንገሸገሸኝ። የእናቴ ነገር ባይሆን ኖሮ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ መልሼ እቀብረው ነበር።

እናቴ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለው የገጠር ቤታችን ነው የምትኖረው። ፊደል የቆጠረችው አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ልጆቿን ሁሉ ድራ፣ ከሰፈሯ ቄስ ዘንድ ነው። የጸሎት መጽሐፏን ራሷ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ እሱን ሳትደግም እህል አትቀምስም። ዓይኗ ሲደክም ግን ነገሩ ከፋ። ሐኪሙ፣ መነጽር ከዚህ በላይ አይረዳትም ብሎናል። ባለፈው በዓል ስሄድ መጽሐፉን ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። የምታስታውሰውን ያህል ብላ፣ የቀረውን ዘልላ አጠፈችው። ይህን ብነግረው ነው ወንድሜ፣ ፊደል እንደ ልብ ያተልቃል ብሎ ማንበቢያውን የላከው።

ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት። የጸሎት መጽሐፏን ብጭንበት መጀመሪያ ግዕዙን በሙሉ ባዶ ሳጥን በሳጥን አድርጎ አሳየኝ። ገጽ በገጽ በፎቶ የተነሣውን ብጭንበት ደግሞ ፊደሉ ሲተልቅ የመሥመሩ ጫፍ ይቆረጣል፤ ግማሽ ቃል ለማየት ገጹን እንደ እምቢተኛ በሬ መጎተት ነው። በስንት መከራ ባልደረባዬ ፊደሉን አስተካክሎ ጫነልኝ። ማስታወቂያውስ ብለው፣ ኔት በሌለበት አገር ከየት ያመጣል አለኝ። አመንሁት።

ቅዳሜ ወረድሁ። እናቴ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ማንበቢያውን ተቀበለችኝ። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ተሳለመችው። መስታወቱ መሳለም የት ያውቃል፤ ከንፈሯ ሲነካው ገጹን ገልብጦ ሄደ። መለስሁላት። በጣቷ ብትነካው ደግሞ ጭራሽ ዝም። በአረምና በእንጨት ለቀማ የደረቀ ጣት አይገባውም።

«እኔን አላወቀኝም» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም፤ ደሜ ፈላ። በጣቷ አንጓ ስትሞክረው ግን እሺ አላት።

ፊደሉን አተለቅሁት፤ በአንድ ገጽ ጥቂት ቃል ብቻ እስኪቀር። ወደ ዓይኗ ጠጋ አድርጋ አየችው። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። ስትዘልለው ከኖረችው ቦታ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። «ይኸንን እኮ ረስቼው ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ያን ቀፋፊ ዕቃ እኔም ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ስትጨርስ ባሳየኋት ቁልፍ አስተኛችው። አንሥታ ግንባሯን አስነካችው፣ ከንፈሯን አስነካችው፣ ደገመችው። ወደ እኔ ስታዞረው አየሁት። ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመች ግማሽ ራቁቷን የሆነች ሴት። የልብ ወለድ ማስታወቂያ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ኔት የለም ብዬ ስዘናጋ፣ እሱ ለካስ ማስታወቂያውን ከከተማ በጉንጩ ሞልቶ ነው የመጣው። እናቴ በጾም አፏ የሳመችው ይህን ነው።

«ሁለት ሰዎች ናቸው መሰል» አለች። «የትኞቹ ቅዱሳን ናቸው?»

አንድ ሁለት ቅዱሳን ጠርቼ ብገላገል ማን ያውቅብኛል? ግን በየቀኑ እነዚህን ስትሳለም ታየኝ፤ ምራቄ መረረኝ።

«ቅዱሳን አይደሉም፣ እማዬ። የዓለማዊ መጽሐፍ ማስታወቂያ ነው። ልብስም በቅጡ የላቸው።»

ወጥታ አፏን በጠበል ተጉመጠመጠች። ተመልሳም ማንበቢያውን ለእንግዳ እንደሚሰጥ ነገር በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

«ማርቆስ ወስጄ ማስታወቂያውን ላስጠፋልሽ» አልኋት። «ፊደሉ ታይቶሽ የለም?»

«ታየኝ እንጂ። ከእንግዲህ ግን ስከፍተው እነሱ ናቸው የሚታዩኝ። ወንድምህን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

የወረቀት መጽሐፏን አወጣች። ተሳልማ ዘረጋችውና፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትደግም ጀመር። ወረደች፣ ወረደች፣ ከዚያ ቦታ ስትደርስ ቆመች። እንደ ወትሮው አልዘለለችውም፤ አሁን ምን እንዳለበት ታውቃለች።

«ከዚህ ወዲያ አንተ አንብብልኝ» አለች።

አነበብሁላት። እየተከተለችኝ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ነገ በጧት ወደ ማርቆስ መሳፈሬ ነው።

«ነገስ?» አልኋት።

መጽሐፉን በጨርቁ እየጠቀለለች፣ «ነገማ» አለችኝ፣ «እማውቀው ድረስ ሄጄ እቆማለኋ።»