ቅሬ ወይስ ቅሪ

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ማለዳ፣ ፕሮፌሰር ሷሊህ የመካነ ሰላምን ኮሌጅ ዕቃ ቤት ከፍተው ባዶ መደርደሪያ ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ሠላሳ ዓመት የለፉበት ወረቀት የለም። ወለሉ ተጠርጓል፤ ግድግዳው ላይ «የማያስፈልገውን ለይተህ አስወግድ» የሚል የካይዘን መፈክር ተለጥፏል። ይባስ ብሎ፣ ይህን የጃፓን የአሠራር ዘዴ ለዲኑ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው!

ሷሊህ የተወለዱት ወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ቁርኣን ከሚያቀራ ቤት ነው። አባታቸው «እኔን ተክቶ ያቀራል» ሲሉ፣ ልጅየው አዲስ አበባ ገብተው የንግድ ሥራ አመራር አስተማሪ ሆኑ። ባልደረቦቻቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ለባንክና ለድርጅት ጥናት እየሠሩ ቪላ ሲያቆሙ፣ እሳቸው ቦረና ወርደው ከሽማግሎች ጋር ይውላሉ። የሚጠይቁት ስለ ቅሬ ነበር፤ ሌላው አገር ዕድር ስለሚለው። እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድ ላይ ሬሳ የሚያነሳበት፣ ደመወዝ የሌለው ዳኛ ሁሉን የሚያዝበት ማኅበር እንዴት ሳይፈርስ ኖረ? ባልደረቦቻቸው «የቀብር ፕሮፌሰር» እያሉ ሳቁባቸው። ይሳቁ! ጡረታ ሲወጡ ወረቀቱን በአይሱዙ አስጭነው ለኮሌጁ ሰጡ። የአገሩ ልጅ ሥራ አመራርን ከገዛ አገሩ ይማር ብለው ነበር።

ዲኑ ይርዳው የዚሁ አገር ልጅ ነው። የድሮ መምህሩ በሩን በርግደው ሲገቡ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ፕሮፌሰር! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቅር። ወረቀቴስ?»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። «ከአዲስ አበባ የመጡት የካይዘን ባለሙያዎች ናቸው። እርስዎ የወረቀቱ ካርቶኖች ላይ የጻፉትን ‹ቅሬ› ‹ቅሪ› ብለው አነበቡት። ትርፍራፊ መስሏቸው፣ የሚወገድ ዕቃ ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ካርድ ለጠፉበት። ከዚያ… ተቃጠለ።»

«ያ ረቢ! እነሱስ እሺ፣ እንግዳ ናቸው። አንተስ?»

«እኔ ፈረምኩ እንጂ ካርቶኖቹን አላየኋቸውም። ሪፖርቱ ቶሎ ዞን መድረስ ነበረበት። ግልባጭ አይኖርዎትም?»

«ግልባጭ?» ሷሊህ ጠረጴዛውን በቡጢ ደለቁት። «የነገሩኝ ሽማግሎች ግልባጭ አላቸው ወይ? ሁሉም ሞተዋል! አባትህ የሞቱ ለት አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ። መቃብራቸውን ማን ቆፈረ? ወላሂ፣ ያ ትርፍራፊ ብለህ የፈረምክበት ቅሬ ነው የቆፈረው!»

ጠረጴዛው ላይ ገና ያልተለጠፉ ቀይ ካርዶች ተደርድረው ነበር። ሷሊህ አንዱን አንስተው የዲኑ ኮት ላይ፣ ደረቱ ላይ ለጠፉበትና በሩን ሳይዘጉ ወጡ። ካርዱ «አላስፈላጊ» ይላል።