ማብራሪያ ቁጥር ሠላሳ አራት

ቀጸላ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኋላ ስቆጣ እንዳልረሳው አስቀድሜ ልናገር። ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው። በስደት ካርቱም ገብቶ፣ በጀልባ ወደ ጁባ ዕቃ የሚያመላልስ ኩባንያ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። እሱን አምኖ ዕድራችን የኩባንያውን አክሲዮን ገዛ። ገንዘቡ እዚህ የሞተብንን ሰው አስከሬን ወደ አገሩ መላኪያ ነበር።

በፊት የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ሰባት ገጽ ነበር። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ እትዬ ሙላቷ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሲነግዱ የዐረብኛውን ቁጥር ለምደውታልና፣ በጣታቸው እየተከተሉ ትርፍና ኪሳራውን ራሳቸው ይለዩ ነበር። ኋላ ዓለም አቀፉ የሒሳብ መስፈርት መጣና ሪፖርቱ ዘጠና ገጽ ሆነ። እሳቸውም ንባቡን ለቀጸላ ተዉት።

ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ ድንበሩ ሲዘጋ ጀልባዎቹ ቆሙ። መስፈርቱ፣ ኩባንያው መቀጠሉ የሚያጠራጥር ከሆነ ይገለጽ ይላል። ቀጸላም ገለጸ፦ ሰማንያ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ማብራሪያ ቁጥር ሠላሳ አራት፣ በኪራይ ውልና በጡረታ መሃል። ኦዲተሩ አንድም ስሕተት አላገኘበትም። አለቃው እንዲያውም አመሰገነው።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሙላቷ ቀጸላ ቤት መጡ። እሳቸው ሸሪካ የሚሉት ኩባንያ አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነበር።

«ቀጸላዬ፣ ሸሪካው ደህና ነው? በሳጥኑ የቀረውንም ልጨምርበት?»

«ሁሉም ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል፣ እትዬ» አላቸው።

«ከተጻፈማ ኸላስ፣ በቃ» ብለው ሄዱ፤ የሳጥኑንም ገንዘብ ጨመሩበት። ቀጸላ እንዲህ ያላቸው እንጀራው እንዳይቋረጥ ፈርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሴ ላይ እንኳ ከሳቸው ራቅ ብሎ ይቆም ጀመር።

በስምንት ወሩ ኩባንያው ተዘጋ፤ ገንዘቡም አብሮ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የዕድራችን አባል አናጢው በለጠ ሞተ። «ጎንደር፣ እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ» ብሎ ነበር፤ እዚሁ ካርቱም ቀበርነው።

ከቀብር መልስ እትዬ ሙላቷ ሪፖርቱን ይዘው ቀጸላ ቤት ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

«የቱ ጋ ነበር የተጻፈው? በአማርኛ አንብብልኝ።»

ሰማንያ አንደኛውን ገጽ ገለጠ። «ኩባንያው ሥራውን ለመቀጠል ባለው አቅም ላይ ጉልህ ጥርጣሬ ሊያሳድር የሚችል፣ እርግጠኝነት የጎደለው ሁኔታ ስለመኖሩ የሚያመለክቱ...» ብሎ አቋረጠ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቴ ነው፣ እትዬ።»

«‹ልንዘጋ ነው› እንዲህ ነው እንዴ የሚባለው?»

«መስፈርቱ የሚለው እንዲህ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እኔ መስፈርቱን መቼ ጠየቅሁ?» አሉ እትዬ ሙላቷ። «አንተን ነው እኮ የጠየቅሁት።»