የእናቴ ሻሽ

ልጄን ቅቤ ቀብቼ ሹሩባ ስሠራት ሽታው መርሳ ከተማ፣ እናቴ ቤት መለሰኝ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከባዱ መሣሪያ ከወልድያ በኩል ዝም ባለ ማግስት ታጣቂዎች ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። እናቴ ዩኒፎርሜን ጆንያ ሥር ደበቀች፤ ቅቤ የጠጣ ሻሿን ፈትታ እኔ ላይ አሰረችው፤ የአክስቴን ሕፃን አሳዘለችኝ።

«ከጠየቁሽ ባለትዳር ነኝ በይ። ተማሪ እንዳትይ።»

በሩ ተደበደበ። የገባው ሰው መሣሪያውን ሳያወርድ «የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

«የእኔ።»

ሲወጣ ቀሚሴ ርሶ ነበር። ሕፃኑ ነው አልኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ሻሹን ልፈታ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ይቆይ፤ ቢመለሱስ?» አለች። እስከ መቼ እንደሆነ አልገባኝም። በጥር ዳሩኝ።

«እማ፣ አጠበቅሽው» ትለኛለች ልጄ።