ሽታ የሚዋሱ ሥሮች

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እጇ ላይ ነው። ፉንግላን አንድ ሥር ሰብራ ባሸተተች ቁጥር ቦኖው ስር እጇን ትታጠብና ሌላ ታነሳለች። የጣቶቿ ጫፎች ከጠዋት ጀምሮ ገበያው እስኪበተን ነጭና ሽብሽብ ናቸው። በዚህች ተራራ ስር ባለች ከተማ ሦስት ዓመት ሳስተምር በየገበያው ቀን በአጠገቧ አልፌያለሁ፤ ለምን እንደምትታጠብ ግን ጠይቄ አላውቅም። ደፍረው የሚጠይቋት ሴት አይደለችም።

ባለ አምስት ጣት የሚሉት ተክል ሥሩ ከዶሮ ጋር ሲፈላ ሾርባው የኮኮናት ወተት ይሸታል። ጫካ ውስጥ ግን እዚያው ጎኑ፣ አንዳንዴም ከሥሩ ጋር ተጠላልፎ፣ አንጀት ቆራጭ የሚባል ሐረግ ይበቅላል። ሥራቸው በቀለምም በውፍረትም ይመሳሰላል። የሐረጉ ሥር የገባበትን ሾርባ የጠጣ ሰው ለማታ አይደርስም። ስለዚህ ለድግስ የሚፈላ ሥር ሁሉ መጀመሪያ በፉንግላን እጅ ያልፋል። እሷ ያላየችውን ሾርባ ሽማግሌዎቹ አይነኩትም፤ እሷን ግን ማንም አይወዳትም።

ባለፈው የገበያ ቀን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ኪምፋት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። በማግስቱ የልጅ ልጁ አንድ ወር ይሞላዋል፤ አርባ ሰው ጠርቷል። የጆንያውን አፍ ሲፈታው መንገዱ ሁሉ ኮኮናት ኮኮናት ሸተተ። እኔም ቆምኩ።

"እንካ መምህር፣ አንተም አሽትት" ብሎ አንድ ሥር ሰጠኝ። ከጥቁር አፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር መውጣቱ ገርሞኝ ኪሴ ከተትኩት።

"ይኸው እትዬ፣ አሽትችና ልቀቂኝ። ሥራ አለብኝ።"

"ጆንያ አላሸትም። ዘርግፈው።"

"ንግሥቲቱ አዘዙ!" አለ ወደ ሻጮቹ ዞሮ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ዘረገፈው።

እያንዳንዱን ሥር ቦኖው ስር ፈተገች፣ ሰበረች፣ አሸተተች፣ እጇን ታጠበች። አስራ ሰባተኛው ላይ ቆመች። ደግማ አጠበችው፣ ደግማ ሰበረችው።

"ይሄ ከውስጡ ምንም አይሸትም" አለች። "ሽታውን ጆንያ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ተውሶ ነው የመጣው።"

ኪምፋት ምርመራው አለቀ ብሎ እጁን ወደ ክምሩ ሲዘረጋ፣ የተጣለ ሥር ማንም መልሶ እንዳይለቅመው የምትይዘውን የናፍጣ ጠርሙስ አንስታ በሁሉም ላይ አርከፈከፈችበት።

"አብደሻል?! አንዱን ጥለሽ ሌላውን አትሰጪኝም? ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቴ ስድህ ነበር እኮ!"

"ፍርፋሪው ከሁሉም ጋር ተቀላቅሏል። ፍርፋሪ ልትለቅም ነው?"

"ነገ ለአርባ ሰው ምን ላቅርብ?"

"የዶሮ መረቅ ብቻ። ካልጣማቸው እኔን ይስደቡኝ፣ ለምደውታል።"

ፊቱ በርበሬ መሰለ። "ወንድሜ ሾርባ ጠጥቶ በሞተ ጊዜ የት ነበር ይሄ ጥንቃቄ? የጆንያውን አፍ አሽትቶ 'ደህና ነው፣ ይፈላ' ያለው ማን ነበር?"

አጠገባችን ዓሣ የምትሸጠው ሴት ቢላዋ አየር ላይ ቀረ።

"እኔ ነኝ" አለች ፉንግላን።

ኪምፋት ምናልባት ክርክር ጠብቆ ነበር። እግሯ ስር ተፋና ባዶ ጆንያውን ጠቀለለ። "ነገ ደጃፌ እንዳላይሽ!"

"ጠርተኸኝ ነበር እንዴ?"

ሲሄድ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ናፍጣ የጠጣውን ክምር የተጣለ ሥር ወደምትቀብርበት ጉድጓድ በአካፋ ገፋች፣ አፈር መለሰችበት፣ በጫማዋ ረገጠችው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተጠጋኋት።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያኔ እርስዎ..."

"ኪስህን።"

"ምን አሉኝ?"

"የሰጠህን ሥር አምጣ። ኪስህ ስትከተው ሁሉም አይቶሃል።"

አወጣሁላት። መዳፌ ላይ አሁንም ኮኮናት ይሸታል። ነጠቀችኝ።

"እውነተኛው ነው?" አልኳት። "ቢያንስ እሱን ይንገሩኝ።"

አልሰበረችውም፣ አላሸተተችውም። ቦኖውን አልዘጋችም፤ በአገጯ አሳየችኝ።

"እጅህን ታጠብ። ምሳ ከመብላትህ በፊት።"

ከዚያ ሥሩን በጡጫዋ እንደጨበጠች፣ በዓሣ ተራው መሀል፣ ማንም ገለል ሳይልላት፣ ሄደች።