በርታኛ የተማሩት መምህር

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ የበርታ ሕዝብ በሚኖርባት ሆሞሻ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት የበርታ ልጅ ስታነብ ተሳሳተችና ክፍሉ ሳቀባት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። አጎቴ እኔን አስከትለው ቤቷ ሄዱ።

አባቷ በተሰባበረ አማርኛ፣ «መምህር፣ ልጆች ይስቃል። ልጄ ከእንግዲህ አይመጣም» አሏቸው።

አጎቴ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «እኔም በርታኛ አልችልም። ነገ ክፍል ውስጥ አስተምሪኝ፤ በእኔም ይሳቁ» አሏት።

መጣች። አጎቴ ሰሌዳው ፊት ቆመው ከአፏ እየተቀበሉ ሲንተባተቡ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አንደበቱ የተያዘበትን ልጅ ሁሉ «ዛሬ አንተ አስተምረኝ» ይሉት ነበር።

ያቺ ልጅ ዛሬ መምህርት ናት፤ የአጎቴንም ክፍል የተረከበችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታስተምር አይቼ፣ «ወንበራቸው ላይ ለምን አትቀመጪም?» አልኳት።

«ገና ነው፤ ለወንበራቸው አልበቃሁም» አለችኝ።