ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው ዳገት

ሳይክሉ የወንድሜ ነበር። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲመደብ ትቶት ሄደ፤ እናቴም ዕቃ ቤቱን አጣበበ ብላ ለዘመድ ልትሰጠው አስባ ነበር። እኔ ግን አንድ እሑድ ጠዋት አቧራውን ጠርጌ አወጣሁትና ከሰፈራችን ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል ቁልቁል ለቀቅኩት። ነፋሱ ሹራቤን እንደ ፊኛ ነፋው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ወርጄ እየገፋሁ፣ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ቤት ገባሁ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የዚያን ጊዜዋ ካዛንቺስ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሲሚንቶ ትሸት ነበር። ቡና ቤቶቹ የማታውን ወለል አጥበው ውሃውን ወደ መንገዱ ይለቁታል፤ ሠራተኛው ደግሞ ጫማው እንዳይረጥብ እየዘለለ ወደ ቢሮው ይሄዳል። ከዋናው መንገድ ጀርባ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተነካካ ቤት ብቻ ነበር። በዚያ መሐል እኔ በኮርሳ ሳይክል ስመላለስ ሰው ቀስ በቀስ ለመደኝ። «ባለ ሳይክሏ» ተባልኩ። ስሜን የማያውቅ ሰው በዚህ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ።

ዳገት መውጣት ያስተማሩኝ ቂርቆስ አካባቢ ሳይክል ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር አሉ፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ጎማ ላስነፋ ሄጄ ዳገቱ እንዳስቸገረኝ ስነግራቸው ውሃ በኩባያ ሰጡኝና አንድ ጉንጭ እንድይዝ አዘዙኝ። እሱን ሳልውጥ፣ ሳልተፋ ከስታዲየም ካዛንቺስ ድረስ እንድወጣ ነው። ውሃው ከአፌ ካመለጠ ከአቅሜ በላይ ነድቻለሁ ማለት ነው፤ ወደ ታች ተመልሼ እንደገና መጀመር አለብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሹራቤ ላይ ተፋሁት። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ፣ ዳገቱን ጨርሼ ውሃው አፌ ውስጥ እንደሞቀ ቀረ። እንዳልውጠው እየተጠነቀቅኩ፣ እንዳልስቅ እየታገልኩ ቂርቆስ ድረስ ተመልሼ ከፊታቸው መሬት ላይ ተፋሁት። ሌላ ጊዜ የማርሽ አስተካከል አስተማሩኝ። ከኋላ ጎማ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ብሎኖች አንዷ ከጠበቀች ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ አይወጣም፤ ትልቁ ጥርስ ላይ ካልወጣ ደግሞ ዳገት የለም። ካቻቢቴ ከቦርሳዬ እንዳይጠፋ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው።

ጓደኛዬ እዚያው መሥሪያ ቤታችን፣ መዝገብ ቤት ነበር የምትሠራው። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያደገች የስልጤ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ ሱቅ ነበራቸው። ዝምተኛ ትመስላለች፤ የፈለገችውን ነገር ግን ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የስፖርት መምህር የሚያዘጋጀውን ውድድር ነገረችኝ። በቴሌቪዥን አይቶ እዚሁ ካልሞከርኩት ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ስታዲየም አካባቢ ባለ ሆቴል መዋኛ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ መመላለስ፤ ከዚያ በሳይክል እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ጫንጮ ደርሶ መመለስ፤ መጨረሻ ላይ ከስታዲየም ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ኡራኤል እየዞሩ ሦስት ዙር መሮጥ። እሷ ዋናተኛ ናት፤ እኔ ባለ ሳይክል። ሩጫውን ሁለታችንም አናውቀውም።

«አንቺ ዳገት ታስተምሪኛለሽ፣ እኔ ውሃ አስተምርሻለሁ» አለችኝ። በዚያው ተስማማን።

ውሃ እፈራ ነበር። መጀመሪያ የሄድን ዕለት ጓደኛዬ እጅጌ ሙሉ ልብስና ረጅም ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ስትመጣ የመዋኛው ጠባቂ በዚህ ልብስ አይገባም አላት። ሳትቆጣ ልብሱ የዋና ጨርቅ መሆኑን እያስነካችው አስረዳችው፤ እሱ አሁንም ሲያቅማማ ዘላ ገባችና ከዚያኛው ጫፍ ብቅ አለች። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሷን ዋና ያይ ነበር እንጂ ስለ ልብሷ አላነሳም። እኔን ከጀርባዬ በመዳፏ ደግፋ አንሳፈፈችኝ። ውሃው እንደሚሸከመኝ፣ እኔ ብቻ እንዳልታገለው ደጋግማ ትነግረኛለች። አንድ ቀን እጇ ከጀርባዬ ከተነሳ ቆይቶ እንደነበረ ያወቅኩት ከመዋኛው ዳር ቆማ ስትስቅ ሳያት ነው።

እኔም በተራዬ ጋሼ ገጣጥመው የሰጧትን አሮጌ ኮርሳ አስነዳኋት። ከፍልውሃ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣውን ዳገት ስንት ጊዜ አብረን እንደወጣነው አላውቅም። ቁልቁለት ትፈራለች፤ ፍሬን ይዛ ይዛ ጣቷ ይደነዝዝ ነበር። ሽቅብ ግን ፍርሃት የላትም። ሐዋሳ ውስጥ ምን ዳገት አለ ብዬ እቀልድባት ነበር። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ታዲያ ያንኑ የቤተ መንግሥት ዳገት ጥላኝ ወጣች። ላይ ስደርስ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ እየጠበቀችኝ ነበር። ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። ደስ ያለኝ ለመምሰል ትከሻዋን መታ መታ አደረግኳት። በልቤ ግን ሌላ እል ነበር፦ ባለ ሳይክሏ እኔ ነኝ።

በውድድሩ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳይክሎቻችን ጋሼ ሱቅ ነበሩ። እሳቸው ለቅሶ ሄደው ስለነበር ቁልፉን ከጎረቤት ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። የራሴን አይቼ ስጨርስ የሷን የኋላ ጎማ አነሳሁና ፔዳሉን አሽከረከርኩት። ዓርብ ዕለት ከልምምድ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን ስንመለስ ሳይክሏ በጎኑ ወድቆ ነበር፤ ማርሹ ተነክቷል። ካቴናው ትልቁ ጥርስ አጠገብ ሲደርስ ይንቀጫቀጫል፣ አይወጣም። ካቻቢቴው በእጄ ነበር። ጎማውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አሳረፍኩትና በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ ቤት ስልክ ደወለች። የሷን ሳይክል አይቼላት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «ደህና ነው።»

ጥቅምት ነበር፤ ጠዋቱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከአሥራ ምናምን ተወዳዳሪዎች ሴቶች እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከውሃው እኔ ስወጣ እሷ ከሄደች ቆይታለች። በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ አድርጌ ስከተላት ከተማው ገና አልነቃም ነበር፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ብቻ አያለሁ። አዲሱ ገበያን አልፌ መንገዱ ሽቅብ መዞር ሲጀምር ደረስኩባት። ፔዳሉ ላይ ቆማ ነበር የምትነዳው። ሳልፋት ፊቷ ቀልቷል።

«ማርሹ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

«ቀስ በይ፣ ይገባልሻል» አልኳትና አለፍኩ።

ያ ዳገት ረጅም ነው። ከአንድ መታጠፊያ በኋላ ሌላ ይመጣል፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሱሉልታ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ፍሬናቸውን እያስጮኹ ይወርዳሉ። ጋሼ እንዳስተማሩኝ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ ከትልቁ ጥርስ ላይ ሳልወርድ እወጣ ነበር። እግሬ እንደዚያን ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቁልቁል ዞር ብዬ አየሁ። ከሥር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከሳይክሏ ወርዳ እየገፋች ነው። አንገቷን ደፍታ ነበር። ያ የአንገት አደፋፍ የራሴ ነበር፤ ሳይክሉን መጀመሪያ ያወጣሁ ቀን ከኡራኤል ስመለስ እንደዚያው ነበርኩ።

ትንሽ ደግሞ ነዳሁ። ብዙም ሳልርቅ ቆምኩ። ከዚያ ሳይክሌን አዞርኩና ያንን የወጣሁትን ሁሉ መልሼ ወረድኩት።

ስታየኝ የወደቅኩ መስሏት ደነገጠች። ሳይክሏን በመቀመጫው ገልብጬ አቆምኩትና ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ብሎኗን ሁለት ዙር አላላኋት፤ ፔዳሉን በእጄ ሳዞረው ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ዘሎ ተቀመጠ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሷ ግን ከሳይክሉ ይልቅ እኔን ነበር የምታየው።

«ሳትፈልጊ በቀጥታ ብሎኗ ጋ ሄድሽ» አለችኝ።

«ትናንት አይቼው ነበር።»

«ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ሳይክሏን አቃናች፣ እጅጌዋን ጎተት አድርጋ ወጣችበትና ሄደች። አሁን እግሯ በቀላሉ ይሽከረከር ነበር። እኔ እጄ በግራሶ እንደጠቆረ ቆሜ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እስክትሰወር ድረስ አየኋት። ከዚያ ዳገቱን እንደገና ጀመርኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። እግሬ ውስጥ የነበረው ሁሉ አልቋል፤ ጭኔን ቁርጠት ያዘኝ፤ ወርጄ ገፋሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገፋሁ። የጋሼን ውሃ በአፌ ብይዝ ኖሮ የት ላይ እንደምተፋው አስብ ነበር። ጫፉ ላይ ደርሼ የሱሉልታ ሜዳ ከፊቴ ሲዘረጋ ማልቀስ አማረኝ፤ ለማልቀስም ትንፋሽ አልነበረኝም። ከጫንጮ እየተመለሰች ፊት ለፊት ተላለፍን። አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ሩጫውን ስጀምር ቀትር አልፏል። መንገዱ በታክሲና በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ውድድር ላይ መሆኔን ከመምህሩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሦስተኛው ዙር ላይ እናቴ ከሰፈራችን አፋፍ ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ትንሽ መንገድ ከጎኔ እየተራመደች ይብቃሽ ስትለኝ ሄደች። በእግሯ እኩል ትሄድ ነበር፤ እኔ እየሮጥኩ። ስታዲየም ስደርስ የቀሩት መምህሩና ጋሼ ብቻ ነበሩ። መጨረሻ ነው የወጣሁት። ጋሼ ሹራቤን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና እጄን አዩት። በግራሶ እንደጠቆረ ነው። የሆነውን እዚያው ነገርኳቸው። ሱቁን ቆልፈው ለቅሶ ከመሄዳቸው በፊት እሳቸው ራሳቸው ሊያዩት ይገባ እንደነበር ተናገሩ። ብትቆጡኝ ይሻለኝ ነበር አልኳቸው።

«እሱንስ ለሷ ተዪላት» አሉኝ።

ጓደኛዬ አልጮኸችብኝም፤ ራቀችኝ። መዝገብ ቤት ፋይል ስጠይቃት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ታስፈርመኛለች፣ በቃ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ይቅርታ ስጠይቃት ሰማሁሽ አለችኝ፤ ያንን ብቻ። ወር ሊሞላ ሲል አንድ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ያቺን ብሎን አሳዪኝ» አለችኝ። «ሁለተኛ በሰው እጅ መሆን አልፈልግም።»

ከመሥሪያ ቤቱ ቂርቆስ ድረስ ጎን ለጎን በእግራችን ሄድን። ጋሼ ሱቃቸው ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ተነስተው ሳይክሏን አወረዱላትና ወደ ውጭ ወጡ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው፣ አሰርኳቸው፤ እሷም ፈታቻቸው፣ አሰረቻቸው። ስትጨርስ እጇን ከፍ አድርጋ ጥቁሩን አሳየችኝ፤ ያን ጊዜ ሳቀች።

ውድድሩ ከዚያ ወዲያ አልተደገመም፤ መምህሩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኛ ግን እሑድ እሑድ ዳገቱን ለስድስት ሰባት ዓመት ወጣነው። በዚያ መሐል ሰፈሩ ይለዋወጥ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ የቆርቆሮ አጥር በታጠረ ቁጥር ጎረቤት ይበተናል። ጋሼ ሱቃቸው ለልማት ሲነሳ ዕቃቸውን በሁለት ጋሪ ጭነው ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ለእኔ ካቻቢቴዎቻቸውን፣ ለሷ ፓምፓቸውን ሰጡን። እሷ አገባችና ሐዋሳ ልትገባ ሆነ።

ከመሄዷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። ጫፉ ላይ ሳይክሎቹን ባሕር ዛፍ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ለምን ወደ እኔ እንደተመለሰች የዚያን ቀን ነው የጠየቅኳት። ያን ዕለት ከታች ሆና ስወርድ እንዳየችኝ ነገረችኝ።

«ያንን ዳገት በቀን ሁለቴ የሚወጣ ሰው የለም» አለችኝ። «ንዴቴ እስኪበርድ ነበር የጠበቅኩት።»

ከሥራችን ከተማው ጭጋግ ውስጥ ነበር። እሷ ስታዲየሙን አየሁት አለች፤ እኔ ስታዲየም እሱ አይደለም አልኳት። ካዛንቺስን ፈለግን፤ አዳዲሶቹ ፎቆች ሸፍነውት የትኛው ጋ እንደሆነ ሳንስማማ ቀረን። ነፋሱ ሲበረታ ሹራባችንን ደርበን ተነሳን። ቁልቁለቱን አሁንም ትፈራው ስለነበር እኔ ከፊት ሆኜ፣ ፍሬን እየያዝኩ፣ ቀስ ብለን ወረድን።